ዳርዊን በጓሮው

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላወጋችሁ ነው የመጣሁት። ስሙን ስጠራው ገሚሶቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጠቁሩ፣ ገሚሶቻችሁ ደግሞ ለክርክር እጅጌያችሁን እንደምትሰበስቡ ከወዲሁ ይታየኛል። ሰውየው ቻርልስ ዳርዊን ነው። አይዟችሁ፣ ስለ ዝንጀሮ አላነሳም! ያንን ክርክር በየቡና ቤቱም በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ስንሰማው ኖረናል፤ ለመጨረሱ ደግሞ እኔ አልበቃም። እኔ የማወጋችሁ ደጋፊዎቹም ተቃዋሚዎቹም እምብዛም ስለማያነሱት ዳርዊን ነው። አርባ ዓመት ያህል በአንድ የገጠር ቤት ተቀምጦ ጓሮውን ሲቆፍርና ሲለካ ኖሮ፣ በመጨረሻ በ72 ዓመቱ ስለ መሬት ትል መጽሐፍ ጽፎ ስለተሰናበተው ዳርዊን።

ሙያዬ ምህንድስና ነው። ቀን ቀን ከቁጥርና ከንድፍ ጋር እውላለሁ፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወይ ስለ አፈር አነባለሁ፣ ወይ እንዲህ እጽፋለሁ። እዚህ አሜሪካ ከቤታችን ጀርባ ያለችው መሬት ሃምሳ ካሬ ሜትር ብትሆን ነው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳምና በሶብላ አለባት። መርዝ አልረጭባትም፣ በየዓመቱም አልገለብጣትም። ለምን ብለው የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስላሉና መልሴ ረዘም ስለሚል፣ በዚህ ሰው ታሪክ በኩል ልመልስላቸው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዳርዊን የተወለደው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809፣ እንግሊዝ አገር ሽሩዝበሪ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ እናቱ ገና በስምንት ዓመቱ ሞተችበት። ሕክምና እንዲማር ኤዲንብራ ቢልኩት ቀዶ ጥገና ማየት አልቻለም (ማደንዘዣ ያልነበረበት ዘመን መሆኑን አትርሱ)፤ ቄስ እንዲሆን ካምብሪጅ ቢልኩት ጥንዚዛ ሲለቅም ዋለ። ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በተባለችው መርከብ ዓለምን ዞረ። ይህን ሁላችሁም ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁና ልለፈው።

የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከጉዞው በተመለሰ በዓመቱ ነው። በ1837 የእናቱን ወንድም ጆሳያ ዌጅዉድን ሊጠይቅ ሜር ወደሚባለው ርስታቸው ሄደ። አጎትየው መስኩን እያዞሩ አሳዩት። ከዓመታት በፊት በሳሩ ላይ ኖራና የከሰል ፍርስራሽ ተበትኖበት ነበር፤ አሁን ላዩ ንጹሕ ሳር ብቻ ነው። ቆፈር ሲያደርጉት ኖራውም ከሰሉም ጥቂት ኢንች ዝቅ ብሎ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ተነጥፎ ተገኘ። ማን ቀበረው? ማንም ሰው አልነካውም። አጎትየው የመሬት ትሎች ሥራ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ነበራቸው፤ ትሎቹ ከታች አፈር እየዋጡ ላይ ወጥተው ኩሳቸውን ይጥላሉ፣ ኩሱ እየተከመረ ላይ ያለውን ሁሉ ይቀብረዋል ማለት ነው። ወጣቱ ዳርዊን ይህችን ይዞ ኖቬምበር 1 ቀን 1837 ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ጽሑፍ አቀረበ። ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ተራራ መወለድ ይወራበት በነበረው አዳራሽ ስለ ትል ኩስ ማውራት ቀላል ድፍረት አይደለም። ከዓለም ዙር የተመለሰ የ28 ዓመት ጎረምሳ ሌላ የሚያወራው አጥቶ አይመስለኝም።

አጎትየው ኋላ አማቱ ሆኑ። ልጃቸውን ኤማን በ1839 አገባ። (እኛ ዘንድ ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ነገር ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን የተለመደ ነበር።) በ1842 ሴፕቴምበር ላይ ባልና ሚስት ከለንደን ጢስ ሸሽተው ወደ ኬንት ገቡ፤ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዳውን የምትባል መንደር ውስጥ ቤት ገዙ። ዳርዊን ከዚያ ቤት የወጣው ሞቶ ነው። ከዚያ በኋላ ባሕር አልተሻገረም።

ለምን? ታማሚ ነበር። ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ አላወቁለትም፤ እስከ ዛሬም ይከራከሩበታል። በቀን ጥቂት ሰዓት ከሠራ ትልቅ ነገር ነበር። ከአሥር ልጆቹ ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀብሯል። በተለይ አኒ የምትባለው ልጁ በ1851 በአሥር ዓመቷ ስትሞት ሐዘኑ ዕድሜውን ሙሉ አልወጣለትም። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በየቀኑ በጓሮው በኩል ባስጠረጋት የጠጠር መንገድ ላይ የሚዞረው። በመንገዷ ዳር ዛፎች አስተክሏል፤ እየዞረ ያስባል፣ ቆም ብሎ አበባ ላይ ያለች ንብ ያያል። ቤተ ሙከራ ሲሉ ሰዎች የሚታያቸው ነጭ ካፖርትና ብልቃጥ ነው። የእሱ ቤተ ሙከራ ጓሮው ነበር፤ ረዳቶቹም ልጆቹ፣ ሚስቱና አትክልተኛው።

እኔን እንደ መሐንዲስ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በዚያው በገባበት ዓመት ያደረገው ነገር ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 1842 ከቤቱ አጠገብ ባለ መስክ ላይ የተፈረካከሰ ነጭ የጠመኔ ድንጋይ አስበተነ። ከዚያስ? ከዚያ ጠበቀ። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። ታላቁን መጽሐፉን በ1859 አሳተመ፤ ዓለም ተንጫጫ፤ ልጆቹ አደጉ። ኖቬምበር 1871፣ ከ29 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ በመስኩ ላይ ቦይ አስቆፈረ። ነጩ መስመር 7 ኢንች፣ ማለትም 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሂሳቡ በዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። እኛ አንድ ፕሮጀክት በስድስት ወር ውጤት ካላሳየ በጀቱ ይሰረዛል!

ሌላም ድንጋያማ ተዳፋት መሬት ነበረው። በ1841 ለመጨረሻ ጊዜ ታርሶ ከዚያ ለሳር ተተወ። ልጆቹ ትናንሽ ሳሉ በዚያ ቁልቁለት ሲሮጡ ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር ይንጫጫ ነበር። አባትየው እነዚያ ትልልቅ ድንጋዮች ተሸፍነው ለማየት ዕድሜው የሚበቃ አይመስለውም ነበር። በቃው። በሠላሳ ዓመቱ ፈረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጋልብበት ኮቴው አንድ ድንጋይ የማይነካበት ለምለም መስክ ሆነ። ያንን ሁሉ ድንጋይ ማንም አልለቀመም።

በመካከል ሌላ ሌላም ለክቷል። ሦስት ጫማ በሁለት ጫማ የምትሆን መሬት አስጠርጎ በራሷ የበቀለችውን አረም ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረ። 357 ቡቃያ በቀለ፤ ከዚያ ውስጥ 295ቱ ጠፉ፣ አብዛኞቹን ቀንድ አውጣ መሰሎቹ ልቅላቂ ተሳቢዎችና ነፍሳት በሏቸው። ደግሞ ነጭ ማገጥ ወስዶ (አዎ፣ ያው በእኛ አገር መስክ ላይ የሚበቅለው የማገጥ ዘመድ ነው) ሃያ የአበባ ራሶችን ንብ እንዳይደርስባቸው ሸፈናቸው፤ ሃያውን ክፍት ተዋቸው። ክፍቶቹ 2,290 ፍሬ ሰጡ። የተሸፈኑት አንድም። ጎረቤቱ ሁሉ በጓሮው ነፍሳት ይረጭ ይሆናል እንጂ ይህን ቁጥር ያየ ሰው ዱባው አላፈራ ሲለው መጀመሪያ የሚጠይቀው ንቦቹ የት ሄዱ ብሎ ነው።

ወደ ትሎቹ እንመለስ። በ1869 አንድ የአትክልት ጸሐፊ የዳርዊንን የድሮ ጽሑፍ አንስቶ ተቸው። ትል ደካማና ትንሽ ፍጥረት ነው፤ ይህን የሚያህል ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚል ነበር የትችቱ ፍሬ ነገር። በዚያ ዘመን ብዙ አትክልተኛ ትልን የሚያየው ሳሩን የሚያበላሽ ተባይ አድርጎ ነበር። ዳርዊን ትችቱን አልረሳውም። ለእሱ ነገሩ ከትል ያለፈ ነበር። ትንሽ ነገር ሳያቋርጥ ሲደጋገም የት እንደሚደርስ ሰው ደምሮ ማየት አይችልም፤ የሕይወቱ ሥራ በሙሉ ደግሞ የቆመው በዚያ ድምር ላይ ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ እየተነገረን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም።

እናም እርጅና ሲጫነው ሙሉ በሙሉ ወደ ትሎቹ ዞረ። ጊዜው ለቤቱ የሐዘን ጊዜም ነበር። በ1876 የልጁ የፍራንሲስ ሚስት ወልዳ ሞተች፤ ፍራንሲስ ጨቅላውን በርናርድን ይዞ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ። በሽማግሌው የሥራ ክፍል ውስጥ አፈር የተሞሉ ማሰሮዎች ተደረደሩ፤ በውስጣቸው ትሎች። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ያያቸዋል። ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ፉጨት ተነፋባቸው፤ ፍራንሲስ ባሱን የተባለውን ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነፋባቸው፤ ኤማ ፒያኖ መታችላቸው። ምንም። ደንቆሮዎች ናቸው። ማሰሮው ራሱ ፒያኖው ላይ ሲቀመጥና አንድ ወፍራም ኖታ ሲመታ ግን ወዲያው ጉድጓዳቸው ገቡ፤ ድምፅ ባይሰሙም ንዝረት ያውቃሉ። ዓይን የላቸውም፤ ብርሃን ግን ይሰማቸዋል፤ ቀይ መስታወት በጋረደው ፋኖስ ሲያያቸው አይሸሹም ነበር። ጎመንና ሽንኩርት ይወዳሉ፤ የካሮት ቅጠል ሲያገኙ ጎመኑን ይተዋሉ፤ እንደ ጦስኝ ያለ ሽታ ያለውን ቅጠል አይፈልጉም። እስቲ አስቡት፣ በዓለም ላይ በስም የታወቀ ሽማግሌ፣ በእኩለ ሌሊት፣ በፋኖስ፣ ለትል እራት ሲያማርጥ!

ትሎች ሌሊት ቅጠል እየጎተቱ የጉድጓዳቸውን አፍ ይወትፋሉ። ዳርዊን 227 የደረቁ ቅጠሎችን ከጉድጓድ አፍ እየነቀለ በየትኛው ጫፍ እንደተጎተቱ መዘገበ፤ 181ዱ በሹል ጫፋቸው ነበር፣ ለማስገባት በሚያመቸው ማለት ነው። ምናልባት ከልማድ ነው እንዳይባል፣ ወረቀት በሦስት ማዕዘን እየቆረጠ በተነላቸው፤ ትሎች በታሪካቸው ሦስት ማዕዘን ወረቀት አይተው አያውቁምና። ከ303 ወረቀቶች 62 በመቶው በሹሉ ማዕዘን ተጎተተ። ከዚህ ተነሥቶ ትል ጥቂት ብልሃት አላት ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ላይ መከራከር ይቻላል፤ የሙከራው አሠራር ግን ዛሬም ለምህንድስና ተማሪ ቢሰጥ የሚያኮራ ነው።

ከዚያ ሚዛኑ መጣ። በተለካ ቦታ ላይ የወጣውን ኩስ ዓመቱን ሙሉ አስለቅሞ፣ አድርቆ መዘነ። በብዙ ቦታ በአንድ ኤከር ላይ በዓመት ከአሥር ቶን በላይ ደረቅ አፈር በትል ሆድ አልፎ ላይ እንደሚወጣ አገኘ። በእኛ መስፈሪያ አንድ ጥማድ ተኩል በሚያህል መሬት ላይ መቶ ኩንታል ነው። ያለ በሬ፣ ያለ ሞፈር። በዚያ ሂሳብ እንደኔ ሃምሳ ካሬ ሜትር ያለችው ሰው በየዓመቱ 125 ኪሎ ለም አፈር በነፃ ይቀርብለታል፤ ትሎቹን ካልገደላቸው።

ሽማግሌው ግን ገና አልጠገበም። በ1877 በሕመሙ ላይ ተነሥቶ ወደ ስቶንሄንጅ ሄደ፤ የወደቁት ጥንታዊ ድንጋዮች ምን ያህል እንደሰመጡ አስቆፍሮ አየ። አቢንጀር በሚባል ቦታ ከእርሻ ሥር የተገኘ የሮማውያን ቤት ወለል ላይም ትሎች በስንጥቁ ሲወጡ ተከታተለ። በጓሮው ደግሞ አንድ ክብ ድንጋይ መሃሉ ተበስቶ ተቀመጠ። ልጁ ሆራስ መሐንዲስ ነበር (እዚህ ላይ ልቤ ሞቅ ይላል!)፤ በቀዳዳው በኩል ወደ ጥልቁ ምድር የብረት ዘንግ አውርዶ፣ ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ ድንጋዩ ስንት እንደሚወርድ በረቂቅ መለኪያ እንዲነበብ አደረገ። ሆራስ በ1881 በካምብሪጅ የሳይንስ መሣሪያ ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ነው። በዓመት ሁለት ሚሊ ሜትር ከጥቂት የምትወርድ ድንጋይ ለመለካት መሣሪያ መሥራት፣ ያውም አባት እያየ!

መጽሐፉ በ1881 ኦክቶበር ወጣ። እንደ ዳቦ ተሸጠ፤ ከሁሉም የዓለም ማዕዘን ሰዎች የየጓሯቸውን ትል እየተረኩ ደብዳቤ ይጽፉለት ጀመር። ፓንች የተባለው የቀልድ መጽሔትም ከትል ጋር ሣለው።

እንግዲህ ወደ ጓሯችሁ። መጽሐፉ የአትክልት መመሪያ አይደለም፤ ግን በ1945 እንደገና ሲታተም መግቢያውን የጻፉት በሕንድ አገር የብስባሽ አሠራር ያስፋፉት ሰር አልበርት ሃዋርድ መሆናቸው በከንቱ አይደለም። ከዳርዊን ትሎች የተማርኩትን ልንገራችሁ። አፈሩን አትገልብጡት፤ ዶማ የትሉን ቤት ያፈርሳል። አፈር ራቁቱን አይደር፤ ለበዓል ቤታችንን ቄጤማ እንደምንጎዘጉዝ ሁሉ መሬቱም ጉዝጓዝ ይፈልጋል። እዚህ አገር በበልግ መውጫ ሰው ቅጠሉን በላስቲክ ከረጢት አጭቆ ለቆሻሻ መኪና ያስረክባል፤ እኔ ለምኜ እወስዳለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ግራ ተጋብተው ነበር፣ አሁን ራሳቸው አምጥተው በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። የቡና አተላ አለ፤ ሦስት ጊዜ የሚያፈላ ቤት የአተላ እጥረት የለበትም። በስሱ በተን ማድረግ ነው፣ መከመር አያስፈልግም። ቀንድ አውጣ ጎመኑን በላው ብላችሁ መርዝ ከመበተናችሁ በፊት ያቺን 295 ቁጥር አስታውሱ፤ የእናንተን ችግኝ የሚበላው ያው ፍጥረት አረማችሁንም ይበላል፣ እሱን ደግሞ ወፍ ይበላዋል፣ ወፏ ደግሞ ቁጥቋጦ ትፈልጋለችና የጓሮውን አንድ ጥግ ሳታጭዱ ተዉላት። ችግኙ እስኪጠነክር በጠርሙስ ቁራጭ ብትከልሉት ይበቃል። ማታ ዝናብ ካባራ በኋላ ቀይ ብርሃን ይዛችሁ ውጡና እዩ፤ ልጆች ከቴሌቪዥን አብልጠው ይወዱታል።

አንድ ነገር ግን ዳርዊን ያላወቀው አለ፤ በሰሜን አሜሪካ የምትኖሩ ልብ በሉ። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ የነበረው የሰሜኑ ክፍል የራሱ የመሬት ትል አልነበረውም። እነ ሚኒሶታ ውስጥ ያሉት ትሎች ከአውሮፓ በመርከብ፣ በአፈርና በችግኝ የመጡ ናቸው፤ እንደኛው ስደተኞች በሏቸው። በጓሮ ውስጥ ይጠቅማሉ፤ ጫካ ውስጥ ግን የደኑን የቅጠል ምንጣፍ ይበሉና የዱር አበቦቹን መሬት ያሳጣሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከእስያ የመጣ፣ ሲነኩት እንደ እባብ የሚዘል ትል እየተስፋፋ ነው፤ እሱ አፈሩን እንደ ቡና አተላ ብትንትን ያደርገዋል። ስለዚህ ትል ገዝታችሁ መሬት ላይ አትልቀቁ፣ ከዓሣ ማጥመጃ የተረፈውንም ጫካ አትድፉ። ያላችሁን መግቡ፤ ይመጣሉ። በገልፍ አገሮች በረንዳ ላይ በማሰሮ የምትተክሉት ደግሞ ጥልቅ ቆፋሪው ትል አይሆንላችሁም፤ በጥላ ውስጥ በተቀመጠ ሣጥን የወጥ ቤት ትርፍራፊ የሚበላው ቀዩ ትል ነው የሚሻላችሁ፣ እሱም ሙቀቱ ከበረታ ቤት ውስጥ ካስገባችሁት።

ሰውየውን በመንገድ ላይ ትቼው መጣሁ። መጽሐፉ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1881 ኦገስት፣ ታላቅ ወንድሙ ኢራስመስ ሞቶ በዳውን መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። ዳርዊንም የሚያርፈው እዚያው፣ ከወንድሙና በጨቅላነታቸው ከሞቱት ልጆቹ ጎን፣ ዕድሜውን ሙሉ ባጠናው አፈር ውስጥ መስሎት ነበር። ኤፕሪል 19 ቀን 1882 በ73 ዓመቱ በቤቱ ሞተ። የመንደሩ አናጢ ያልተወለወለ ቀላል ሣጥን ሠራለት። ነገር ግን የለንደን ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ለቤተሰቡ ጻፉ፤ ሣጥኑ ተመልሶ በሚያብረቀርቅ ሣጥን ተተካ፤ ኤፕሪል 26 ቀን በዌስትሚንስተር አቢ ከድንጋይ ወለል ሥር፣ ከኒውተን ጥቂት እርምጃ ርቆ ተቀበረ። ታላቅ ክብር ነው፤ ትል ግን አይደርስበትም።

ኤማ በ1896 ስትሞት የተቀበረችው በመንደሩ ግቢ ነው። ሆራስ አባቱ ከሞተም በኋላ ለዓመታት ወደ ዳውን እየተመላለሰ ክቡን ድንጋይ ሲለካ ኖረ፤ ውጤቱንም በ1901 አሳተመ።